ሴል በካርቶን

የባዮሎጂ መምህር ጡረታ ይወጣል የሚባለው የወረቀት ወሬ ነው። የሰበታው ጎረቤቴ ኦቦ ነገሳ ክፍል መግባት ካቆሙ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተማሪያቸው ከተማው በሙሉ ሆኗል።

ባለፈው ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ቢኒ ትርፍ ሰው ሊጭን ፈልጎ "ቲቸር፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ" አላቸው።

"ስማ ቢኒ፣ የእንስሳ ሴል እንደ ዕፅዋት ሴል ጠንካራ ግድግዳ የለውም። ያለው ስስ ሽፋን ነው፤ ውሃ ከልክ በላይ ከገባበት ይፈነዳል። ተግባባን?"

ቢኒ አልተግባባም፤ ሰውየውን አስገባው። ክቡርነታቸው በአንድ ጎናቸው እንደተቀመጡ እስከ ዓለም ገና አስተማሩን።

አትክልት ሻጯ ድንቅቱ ጋ ደግሞ የጠወለገ ጎመን ያነሱና ገዢ በተሰበሰበበት "የዚህ ቫኪዩል ውሃው አልቋል" ይላሉ። ቫኪዩል የዕፅዋት ሴል ውስጥ ያለ ትልቅ የውሃ ቋት ነው፤ እኔም ያወቅኩት ሳልፈልግ ነው።

"ባርሲሳ፣ መምህሬ፣ ገዢዬን አያባርሩብኝ" ትላለች ድንቅቱ።

የድንቅቱ ልጅ ላሊሴ ዓይነ ስውር ናት፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። ሰኞ የሴል ፈተና ነበረባት። የመጽሐፉ ሥዕል ለጣቷ ልሙጥ ወረቀት ሆነባትና "ባዮሎጂ ለሚያዩ ሰዎች ነው፤ አልፈተንም" አለች። ኦቦ ነገሳ ይህን እንደሰሙ ሳያንኳኩ ቤቴ ገቡ። አዲሱን ጫማዬን ሶፋ ላይ ዘርግፈው ካርቶኑን ይዘው ወጡ። እኔም እያጉረመረምኩ ተከተልኳቸው።

ድንቅቱ ጓሮ ሁለት ሴል ሠሩ። ለዕፅዋቱ ካርቶኑ ግድግዳ፣ ውስጡ የተነጠፈው ፌስታል ሽፋን፣ ውሃ ሞልቶ የታሰረው ትንሽ ፌስታል ቫኪዩል ሆነ። ሎሚ ኒውክለስ፣ አረንጓዴ አተር ደግሞ በፀሐይ ምግብ የሚሠራው ክሎሮፕላስት። ለእንስሳው ፌስታል፣ ውሃና ሎሚ ብቻ።

ላሊሴ ካርቶኑን ስትጫነው አልበገር አላት። የእንስሳው ፌስታል ግን በተጫነችው በኩል ሰረጎደላት። ከዚያ እጇን ውሃው ውስጥ ከትታ ቆየች።

"ቲቸር፣ እንስሳው ውስጥ አተር አለ። እንስሳ ክሎሮፕላስት የለውም አላሉኝም?"

ሾልኮ የገባ አንድ አተር ነበር። ኦቦ ነገሳ ጎንበስ ብለው አዩት።

"ልክ ነሽ፤ እኔ ተሳስቻለሁ" አሉ። በአሥራ አንድ ዓመት ጉርብትና ይህን ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

"እንግዲያው ሰኞ እፈተናለሁ" አለች ላሊሴ፣ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች።

ሰውየው ጉንፋን ይዞኛል ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እወዳቸዋለሁ። ግን እንዳትነግሩብኝ፤ ከሰሙ ስለ ልብ ጡንቻ ሴል ሲያስረዱኝ ሳምንቱ ያልቃል።