ወንዳፈራሁ ዋስ የሌለውን ድምፅ ድል የነሣበት

በስመ እግዚአብሔር ሕያው። በዘመነ ማርቆስ፣ ኔትወርክ ወደ ቀበሌያችን ኮረብታ በወጣ በማግሥቱ ዓመት፣ ወንዳፈራሁ ወልደ ሸዋረግ፣ ባለ ሁለት ሲም፣ ኖላዊሆሙ ለአባግዕ፣ የበጎች እረኛ፣ የሞላሌን ጭቃ ያለ ቦት ጫማ የተሻገረ፣ ያደረገው ድል ይህ ነው፤ የጻፍሁትም ክፉ እንደሚመጣ አስቀድሜ ያወቅሁ እናቱ ሸዋረግ ነኝ።

ጎረቤታችን ጫኔ የገብሱን ዳር ተግጦ ባገኘው ጊዜ፣ አባ ላት በተባለው ሙክታችን ላይ ልቡን አጸና፤ ሙክቱ በካሣ ይሰጠኝ ብሎም በማኅበራዊ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ያየ ሰው ግን አልነበረውም። ስለዚህ፣ ኋላ እንደ ተሰማው፣ ደብረ ብርሃን የሚማር የእህቱን ልጅ ለመነ፤ ያም ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን፣ ሥጋና ደም የሌለውን፣ በሰው ድምፅ የሚናገረውን አስነሣ፤ ልጄ በሠርግ ላይ ሲመርቅ ከተቀረጸው ቪዲዮም ድምፁን ወሰደበት።

በቀጠሮው ቀን ወንዳፈራሁ ዘመተ። ከፊቱ የክርስትና አባቱ በኃይሉ ከነዱላቸው፣ በቀኙ እህቱ ህሊና ቻርጀር ይዛ፣ በግራው ተከሳሹ አባ ላት ላቱን እያወዛወዘ፣ ከኋላ እኔ፣ መታሰሩ አይቀርምና፣ በሶና በእስር ቤት የሚለብሰውን የሱፍ ባና ተሸክሜ ተከተልን።

ጫኔም ስልኩን ከፈተ። ስልኩም በልጄ ድምፅ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «እኔ ወንዳፈራሁ በጌ የጋሽ ጫኔን ገብስ መብላቱን አምኛለሁ፤ ሙክቱን ይውሰዱት።» ጉሮሮውን የሚጠርገው እንኳ እንደ ልጄ ነበር። የወለድሁት እኔ ሳልቀር፣ ልጄ መቼ ነው ይህን ያልኸው፣ አለቀልህ ብዬ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ።

እርሱ ግን ቀበቶውን አጥብቆ ተነሣና አወጀ፦ «የሰማችሁ ስሙ፣ ያልሰማችሁ ጠጋ በሉ። ጋሽ ጫኔ፣ ድምፁ የእኔ ነው፤ ቃሉ የእኔ አይደለም። ምስክርዎ ቢዋሽ የሚታሰር እጅ የለውም፤ የሚያዝበት ከብት የለውም፤ አገሩም አይታወቅ። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ቢቆም ምን እንለዋለን? ዋስ ጥራ እንለዋለን። ይጥራ።»

ዳኛዋ ወይዘሮ ወለተኪዳንም፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ስልኩ ዋስ ይጥራ» ሲሉ አዘዙ። ጫኔ ጠየቀው። ስልኩም በልጄ ድምፅ፣ በትሕትና፣ «ልሳሳት ስለምችል እባክዎ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ» ብሎ አወጀ። የተሰበሰበው ሕዝብ ሳቀ፤ አባ ላትም ጮኸ፤ በኃይሉም ከሳቅ ብዛት ዱላቸውን ጣሉ።

ዳኛዋ ሁለተኛ አዋጅ አወጡ፦ «እንግዲያስ ያመጣው ይዋሰው። ጫኔ፣ ይህ ቃል ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ጊደርህ ትያዛለች፤ እሺ ካልህ ተናገር።» ጫኔም ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ጊደሩንም በልቡ አየ፤ ስልኩንም አጥፍቶ ኪሱ ከተተ። ያን ጊዜ ዳኛዋ፣ ዋስ የማይጠራ ድምፅ በዚህ ቤት አይመስክር፤ ገብሱን ያየ ሰው ካለ ይምጣ፤ ከሌለ ሙክቱ ከባለቤቱ ጋር ይሂድ ሲሉ በየኑ። የመጣም ሰው የለም።

እነሆ አባ ላት በክብር ተመለሰ፤ በሶውንም መንገድ ላይ በጥብጠን ጠጣነው። ይህን የሰሙ፣ ከሩቅ ያሉ የቀየት አገር ሰዎች እንኳ ስልካቸውን ዋስህ ማነው እያሉ ያስጨንቁታል ይባላል።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ፣ ልጄ ከገበያ ደውሎ «እማዬ» ሲለኝ አላምንም፤ ዋስ ጥራ እለዋለሁ። እርሱም፣ ትዕግሥቱ የበዛለት፣ ህሊናን ይጠራል፤ እኔም የእሷን ዋስ እጠይቃለሁ፤ ሁለቱም በራፍ ላይ ቆመው ሳላያቸው እራት አላቀርብም።

ክብር ለወንዳፈራሁ፣ ካልተናገረው ቃል ለዳነ፣ ጉሮሮ የሌለውን በጉሮሮው ለረታ፤ ዕድሜው እንደ ተራራ ይርዘም፤ ስሙም እስከ ጓሳ ጥግ ይጠራ፤ በስልክ ግን አይጠራ።