መመረቂያ ጽሑፍ ያስተኛው ሰው

ባለትዳር ሆኖ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው አገራችን ውስጥ የለም። የሚማረው ቤተሰቡ ነው፤ ሰውየው በምርቃቱ ቀን ጋውን ለብሶ ፎቶ ይነሳል እንጂ። አላመኑኝም? እንግዲያው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ባለጋውን ፎቶ የሰቀለ ጎረቤት ካለዎት፣ ሚስቱን ለብቻዋ ያነጋግሯት። የእኔን ሚስት ግን እባክዎን አያነጋግሩብኝ።

እኔ እንጅባራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። የመሥሪያ ቤቱን የአምስት ዓመት ዕቅድ በአንድ ሳምንት አዘጋጃለሁ፤ የራሴን የሁለት ዓመት ትምህርት ግን በአራተኛው ዓመትም አልጨረስኩትም ነበር። ኮርሶቹን ቅዳሜና እሁድ ባሕር ዳር እየተመላለስኩ በጊዜ ወስጃለሁ። የቀረኝ መመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነበር። ርዕሱን ቁጭ ብለው ያንብቡት፦ «ማኅበራዊ ግዴታዎች በመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰዓት አጠቃቀም ላይ የሚያሳድሩት ተጽዕኖ፤ በእንጅባራ ከተማ የተመረጡ መሥሪያ ቤቶች ሁኔታ»። ይህን ጽፌ ስጨርስ ደክሞኝ ስድስት ወር አረፍኩ።

ሚስቴ ማስተዋል የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ዲፕሎማ አላት። የክረምት የዲግሪ ትምህርት ዕድል ሁለት ጊዜ ደርሷት ሁለቱንም ጊዜ አሳልፋዋለች። «ሁለታችንም ከተማርን ልጆቹን ማን ያያል? መጀመሪያ አንተ ጨርስ» ያለችው ራሷ ናት። እኔም «እሺ» ለማለት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ስሟ ወጣ፤ ይህንንም ካሳለፈችው ዕድሉ ለሌላ እንደሚሰጥ ተነገራት። የእኔ ጽሑፍ ደግሞ ማስገቢያው ቀን ዓርብ ነው። ዓርብ ካለፈኝ ክረምቱን ሙሉ ባሕር ዳር ልመላለስ ነው፣ እሷም ልጆቹን ይዛ ልትቀር ነው።

«ዓርብ ካላስገባህ» አለችኝ እሁድ ዕለት፣ «እኔ ሐምሌ ላይ እሄዳለሁ። ልጆቹንም ጽሑፍህንም አንተው ታሳድጋለህ።»

እንደማታደርገው ሁለታችንም እናውቃለን። ያሳፈረኝም ይኸው ነው።

አምስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩና ሰኞ ጠዋት መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ላፕቶፑ ተከፍቶ ሳያልቅ የግቢው በር ተንኳኳ። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ አለኸኝ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በየቀኑ ካላዩ የማይሆንላቸው ሰው። ማስተዋል እዚህ ላይ ነው ትልቁን ስህተት የሠራችው። እርግጥ «እያጠና ነው» ብትል አያዋጣም። በእኛ ከተማ ጥናት ሰው አያስቀርም፤ «ታዲያ ብቅ ብሎ ሰላም ቢለን ምን አለበት?» ይባላል። ስለዚህ «ትንሽ አሞት ተኝቷል» አለቻቸው።

እንግዳ እንዳይመጣ ታመመ ማለት! እሳት እንዳይነድ ጋዝ ማርከፍከፍ ይበሉት። በእኛ አገር ሰርግ ቢቀር ይቅርታ አለው፣ ስብሰባ ቢቀር ማንም አያስታውሰውም፤ ታሞ ያልተጠየቀ ሰው ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቂም ይይዛል። ጋሽ አለኸኝ ያለቻቸውን ሰምተው ሄዱ። የሄዱት ግን ወደ ቤታቸው አልነበረም።

ወሬው ከደጃችን ሲነሳ «ትንሽ አሞታል» ነበር። ዳንግላ ወንድሜ ዘንድ ሲደርስ «አልጋ ይዟል» ሆነ። አዘና ያሉት የማስተዋል አክስት ጆሮ ሲገባ እኔ ሰው መለየት አቁሜያለሁ። ይህ ሁሉ ከምሳ በፊት ነው። ለሌላ ጉዳይ ጠዋት ማታ የሚጠፋው ኔትወርክ ያን ቀን አንዴም አልተቋረጠም።

ማክሰኞ ቤታችን ሞላ። ወተት መጣ፣ ማር መጣ፣ አጥሚት በፔርሙዝ መጣ፤ አንድ ባልደረባዬ ከጥሊሊ ግማሽ ኩንታል ድንች በባጃጅ አስጭኖ መጣ፤ ድንች ለየትኛው ሕመም እንደሚታዘዝ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም። እኔ ምን ላድርግ? ጋቢ ተከናንቤ፣ ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ። ላፕቶፑ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆዴ ላይ ነው። ሰው ሲገባ አቃስታለሁ፣ ሲወጣ ምዕራፍ አራትን እጽፋለሁ። ሰው ግን አይወጣም።

ከሰዓት በኋላ የማስተዋል አክስት እትዬ የሺ ጠበል በጀሪካን ይዘው ከአዘና ደረሱ። ከግቢው በር ጀምረው እያለቀሱ ገቡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ፣ ልክ ሆዴ ላይ አሳረፉ። ላፕቶፑ ደግሞ አሮጌ ነው፤ ሲሠራ ይግላል።

«ሆዱ እሳት ሆኗል» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። እትዬ የሺ ጀሪካኑን ከፈቱ። እኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፍላሽ ላይ ያልገለበጥኩት ምዕራፍ አራት። ጠበሉ ሳይደርስ ላፕቶፑን አቅፌ እንደ ጃርት ተጠቅልዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ጀርባዬ ራሰ፣ ላፕቶፑ ዳነ።

«አያችሁ?» አሉ እትዬ የሺ ለጠያቂዎቹ። «ጠበሉን ፈራ። ይህስ የሐኪም አይደለም።»

እርስዎ እየሳቁ ይሆናል። ማስተዋል ግን አልሳቀችም። ከትምህርት ቤቷ ፈቃድ ወስዳ ያን ሁሉ ጠያቂ ስታስተናግድ የዋለችው እሷ ናት። እኔ የአምስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ተኛሁ፣ እሷ የአምስት ቀን ድግስ ደገሰች። ወተቱን የሚያመጡት ለእኔ፣ ዕቃውን የምታጥበው እሷ። በአጠገቤ ስታልፍ በጆሮዬ «ስንተኛ ገጽ ደረስክ?» ትለኛለች፤ ጠያቂዎቹ እያጽናናችኝ ይመስላቸዋል።

ሌላም ጣጣ ነበረብኝ። ለጥናቱ የበተንኩት መጠይቅ አርባ ነው፤ የተመለሰልኝ አሥራ አንድ። አማካሪዬ «አርባው ካልሞላ እንዳታመጣው» ብሎኛል። ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከጋቢው ውስጥ ሆኜ ክፍሉን ቃኘሁ። ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡ፣ የራሴ አለቃ ጭምር፣ ሁሉም የመንግሥት ሠራተኞች። ሁሉም በሥራ ሰዓት። የጥናቴ ናሙና በእግሩ መጥቶ አልጋዬን ከቦ ተቀምጧል!

«አንድ ነገር ልለምናችሁ» አልኩ በደከመ ድምፅ። «እንግዲህ የሰው ነገር አይታወቅም... ይህችን ወረቀት ብትሞሉልኝ።»

ኑዛዜ መሰላቸው። እንባቸውን እየጠረጉ ሞሉልኝ። ሰባተኛው ጥያቄ «በሥራ ሰዓት ለማኅበራዊ ጉዳይ ከመሥሪያ ቤት ይወጣሉ?» ይላል። ሁሉም «በጭራሽ» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። አለቃዬማ በእስክሪብቶው ሁለት ጊዜ አደመቀው። ከዚያ ሰዓቱን ጠየቀ፤ አምስት ተኩል መሆኑ ሲነገረው «ገና ነው» ብሎ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

እስከ ሐሙስ አርባው ሞላ። የጥናቴ ግኝትም በእንጅባራ ከተማ ማኅበራዊ ግዴታ በሥራ ሰዓት ላይ አንዳችም ተጽዕኖ የለውም የሚል ሆነ። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ መረጃው ሲሰበሰብ አልጋው ላይ ነበርኩ። ግን ጻፍኩት። ዓርብ ማለዳ ከሕመሜ ተነስቼ በሚኒባስ ባሕር ዳር ወረድኩና አስገባሁ። አማካሪዬ አገላብጦ አይቶ «መልስ ሰጪዎችህ የሚደንቅ ስምምነት አላቸው» አለኝ። በጥሩ ውጤት አለፍኩ። አገሪቱ ካሏት ጥናቶች ስንቱ አልጋ ላይ እንደተሞላ እንጃ። እኔ የአንዱን አውቃለሁ።

ሐምሌ ገባ። ማስተዋል ተመዝግባ ትምህርቷን ጀመረች። የመጀመሪያው ፈተና ሲቃረብ ከምትማርበት ለአምስት ቀን ቤት መጣችና እዚያው መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ተራው የእኔ ነው። ልጆቹን አጥባለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ በዚያ የእንጅባራ ዝናብ ልብስ አሰጣለሁ፣ መልሼም አነሳለሁ። ከስህተታችን ስለተማርኩ በሩን ለሚያንኳኳ ሁሉ እውነቱን እነግረዋለሁ፤ «ማስተዋል እያጠናች ነው።» ሰዎቹ እኔን ከላይ እስከ ታች ያዩኛል፤ የተጠቀለለ እጅጌዬን፣ ትከሻዬ ላይ ያለውን ፎጣ። ከዚያ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ። «ሰው ለካ እውነት ሲነገረው ይገባዋል» ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጋሽ አለኸኝ ወተት ይዘው ገቡ። ቀጥሎ ማር መጣ። የጥሊሊው ባልደረባዬ ድንቹን ከባጃጅ ሲያወርድ አየሁት።

«ማስተዋል እኮ አልታመመችም» አልኩ ግራ ገብቶኝ።

«እሷንማ ማን ታመመች አለ?» አሉ ጋሽ አለኸኝ። «አንተን ልንጠይቅህ ነው።»

ወዲያው እትዬ የሺ ጀሪካናቸውን ይዘው ከአዘና ደረሱ። ወጥ ቤት ድረስ ገብተው እጃቸውን ግንባሬ ላይ አደረጉ። ትኩሳት የለኝም። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ማማሰያ፣ ምድጃው ላይ የሚንተከተከውን ሽሮ፣ በመጨረሻም የተዘጋውን መኝታ ቤት ተራ በተራ አዩ።

«ያኛው ሕመም ይሻል ነበር» አሉና ጀሪካኑን ከፈቱ።