የጋትሉዋክ ትርፍ አያት

የሶፍትዌር ሠሪዎች ደመወዝ በዛ እያላችሁ ስታሙ እሰማለሁ። እኔም አማለሁ። ግን እኔ ከእናንተ የተሻለ ምክንያት አለኝ።

ክልላችን ገና አዲስ ነበር። ጋምቤላ ላይ የቢሮዎቹ ስም በየበሩ በኖራ የተጻፈበት ጊዜ ነው። እኔ የሆስፒታሉ ውሃ ቀጂ ነበርኩ። ከባሮ ወንዝ በጄሪካን እያመላለስኩ በርሜል እሞላለሁ። ሐኪሞቹ በሱ ይታጠባሉ፤ የወለዱ እናቶች በሱ ይታጠባሉ። የቀን ሠራተኛ ነኝ። ቋሚ እናደርግሃለን አሉኝ። ቋሚ መሆን ማለት ታምመህ በተኛህበት ቀንም መብላት ማለት ነበር።

ጸሐፊያችን ቋሚ የምንሆነውን ሁሉ በእስክሪብቶ መዝግባ ከምሳ በፊት ጨርሳ ነበር። ግን ኮምፒውተር መጣ፤ ከሱ ጋርም ፕሮግራም ሠሪ ከአዲስ አበባ መጣ። ያንኑ ዝርዝር ማሽን ውስጥ ለመክተት ሦስት ወር ተቀመጠ። ቬንትሌተር ለኮምፒውተሩ ያስፈልጋል ብሎ አስገዛና ወደ ራሱ አዞረው። ውሎ አበሉን ጸሐፊዋ ነግራኝ ነበር። ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። ስምህ? ነገርኩት። የአባት ስም? ነገርኩት። የአያት?

አላውቀውም አልኩ። ከወሎ ለሰፈራ ስንመጣ አባቴ መንገድ ላይ ቀረ። እናቴ አቦቦ ሰፈራ ጣቢያ ደርሳ ሞተች። የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ይህን ለሱ አልነገርኩትም።

ሳይሞላ አያልፍም አለኝ። ባዶውን ይተዉልኝ አልኩ። ፕሮግራሙ እምቢ ይላል አለ። ፕሮግራሙን ማን ሠራው? ራሱ። ታዲያ ለምን አይለውጠውም? ለመለወጥ አንድ ወር ይፈጃል፤ ዝርዝሩ ደግሞ ዓርብ ይዘጋል። ወደ ጎን ቁም ተባልኩ።

ከኋላዬ የነበረው ዘበኛችን ጋትሉዋክ ነው። ኑዌር ነው፤ ስምህ ማነው ከተባለ ትውልዱን ይቆጥራል። ቆጠረ። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ፕሮግራም ሠሪው ቀና አለ።

«ሦስቱ ይበቃል።»

«ሌሎቹስ?»

«ቦታ የላቸውም።»

«ወንዝ ልጣላቸው?»

«አያስፈልጉም አልኩህ እኮ።»

«ካላስፈለጉ አንዱን ለዚህ ስጠው» አለ ጋትሉዋክ፣ በበትሩ እኔን እያሳየ። «ቱትን ጻፍለት። ቱት ጥሩ ሰው ነው። ብዙ ላም ነበረው።»

ሠሪው እኛን አየ፤ ማሽኑን አየ። ከዚያ «ቱት» ብሎ መታ። ማሽኑ ዝም ብሎ ዋጠው። ዓርብ ቋሚ ሆንኩ።

እስቲ ፍረዱኝ። አንዱ ባዶ ቦታ መተው አቅቶት ያን ሁሉ ተከፈለው። ሌላው አያቱን ሰጥቶ ሻይ እንኳ አልተጋበዘም። ይህን እያወራሁ ስንት ዓመት ኖርኩ።

አምና ልጄን ዳርኩ። ሙሽራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሶፍትዌር ሠሪ።

ጋትሉዋክ ሸምግሏል። መጣና ሙሽራውን አጠገቡ አስቀመጠው። በእኛ ዘንድ፣ አለው፣ ሴት ልጅ ስትዳር የጥሎሹ ከብት ለዘመድ ይከፋፈላል። ይቺ የቱት ዘር ናት። ለቱት ቤት አንድ ላም አለብህ።

ሙሽራው ዞሮ እኔን አየኝ።

«እውነቱን ነው» አልኩት። «በመንግሥት ኮምፒውተር ተመዝግቧል።»

በማሽን ስለተመዘገበ አልተከራከረም። ላሟን ገዛ። ዛሬ ወልዳ የጋትሉዋክ ሰፈር ልጆች ወተቷን ይጠጣሉ። የሶፍትዌር ሠሪ ደመወዝ ለኅብረተሰቡ ሲጠቅም በዓይኔ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።