ሰው ባለበት ክፍል ወለል አይታጠብም

በየቤቱ፣ ሰው ሁሉ ካልተኛ ብሎ የሚሟገት አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው "ብላ" ይላል፣ "ልበስ" ይላል፤ የዚህኛው ግን "ተኛ" ነው። በእኔ ቤት ሹመቱን የያዘችው ባለቤቴ ነበረች፤ ክብርት የእንቅልፍ ሚኒስትር።

ሥራዋ የቢሮ ጽዳት ነበር። አንድ ቀን በሬዲዮ አንድ ሐኪም፣ ሰው ሲተኛ በአንጎሉ ሴሎች መካከል ፈሳሽ እየተዘዋወረ የቀኑን ቆሻሻ ጠርጎ እንደሚያወጣ ሲናገር ሰማች። ከመቀመጫዋ ተነስታ "አላልኩም?" አለች። እንዲህ ያለ ነገር ግን ብላ አታውቅም።

"ሰው ባለበት ክፍል ወለል አይታጠብም። ሠራተኛው ይውጣ፤ ከዚያ ነው ውሃ የሚደፋው። ጭንቅላትም እንደዚያው!"

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣን። ሊጠይቀን የመጣው ወንድሜ አንዴ ቢያዛጋ ትራስ ቀረበለት። የሰፈራችንን ዘበኛ መንገድ ላይ አስቁማ፣ "ዓይንህ ቀልቷል፤ ቆሻሻህ አልወጣም" አለችው።

"እትዬ፣ እኔ ከተኛሁ እኮ ሌባ ይገባል!"

"ካልተኛህም የሚዘረፈው ጭንቅላትህ ነው።"

እኔንማ ከሞቀ እንቅልፌ ቀስቅሳ "ተኝተሃል?" ትለኛለች።

"ተኝቼ ነበር።"

"ጎሽ፣ ቀጥል።"

ካረፈች አምስተኛ ወሯን ይዛለች። አልጋው እንዳለ የእኔ ሆኖ ሳለ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እውነቱን ለመናገር እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ቆሻሻው ሲጠረግ ድምጿም አብሮ ቢወጣብኝስ? "ጎሽ" የምትልበት ቃና ከወዲሁ እየሸሸኝ ነው። ስለዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ድምጿ እንዳይወጣ እጠብቀዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አብራት ትሠራ የነበረች ልጅ፣ መሥሪያ ቤት የቀረውን ሽርጧን ይዛልኝ መጣች። ፊቴን አይታ ደነገጠች።

"ምነው አባባ፣ አይተኙም እንዴ?"

ለማንም ያልነገርኩትን ለእሷ ነገርኳት። አልሳቀችም።

"እኛ እኮ አውጥተን የምንደፋው ቅርጫት ውስጥ ያለውን ብቻ ነው" አለችኝ። "ጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀት፣ ብጣሽም ብትሆን፣ አንነካም። ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። 'ጠረጴዛ ላይ ካለ ባለቤቱ ይፈልገዋል' ይሉን ነበር።"

እስከ በሩ ሸኘኋት። ተመልሼ ሽርጧን አጠፍኩና ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጋደም አልኩ።