ሲሞቅ የሚቀንስ

ምንተስኖት ትናንት፣ ድሬዳዋ በሩን ዘግቶ በሚተኛበት በዚያ የቀትር ሰዓት፣ ጋራዡ ውስጥ ካርቶን አንጥፎ ጋደም እንዳለ ሕልም አየ። የቀን ሕልም አይፈታም የሚሉ አሉ። እሱም እንደነሱ ቢያምን ደስ ባለው ነበር።

ከመተኛቱ በፊት የእህቱን የእታፈራሁን ሚኒባስ ጨርሶ አስረክቧል። እታፈራሁ ታላቁ ናት፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏ ትቷት ከሄደ ወዲህ ሚኒባሷን ራሷ እየነዳች ከድሬ ሐረር ትመላለሳለች፤ ልጆቿ የሚበሉት ከዚያች መሪ ላይ ነው። የመኪናዋ የራሷ ኮምፒውተር ተቃጥሎ ስለነበር ምንተስኖት በምትኩ ለየትኛውም ሞተር ይሆናል የተባለ ሌላ ኮምፒውተር ገጠመላት። ይሄ ዓይነቱ ኮምፒውተር እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፤ ቤቱን ስለማያውቅ ሁሉን ነገር አንድ በአንድ መንገር ያስፈልጋል። የመጨረሻው ሥራ የሞተሩን ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነበር። ሁለት ሽቦ ነው፤ አሰረው። ከዚያ መሪው አጠገብ የተገጠመው የኮምፒውተሩ ስክሪን የሴንሰሩን ዓይነት ጠየቀው፤ እሱም ላቡን እየጠረገ ከተደረደሩት አንዱን መረጠ። ስክሪኑ ሠላሳ አምስት ዲግሪ አለ። ድሬም ሠላሳ አምስት ዲግሪ ነበረች፤ ሌላ ምን ይፈልጋል።

«ትነሳና ትንሽ ትሙቅ፤ ሞቃ ልያት» አላት።

«አቦ፣ ድሬ ላይ ምን ያልሞቀ ነገር አለ» ብላ ተሳፋሪ ልትጭን ሄደች።

እሱም ተኛ።

በሕልሙ ጋራዡ ያው የእሱ ጋራዥ ነው፤ ክሪክ ላይ የተሰቀሉት ግን ሰዎች ናቸው። መኪኖቹ ከሥር ተንጋለው ወደ ላይ እያዩ «ይሄ ሰውዬ ዘይት ያፈሳል» ይባባላሉ። የእታፈራሁ ሚኒባስ የእሱን ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጣች።

«እንደምን ዋሉ ጌታዬ» አለችው።

ምንተስኖት ደነገጠ። ድሬ ላይ ሽማግሌውም ሹሙም «አንተ» ነው፤ ሰው አንቱ ከተባለ ወይ ሊታሰር ነው ወይ ሊቀበር።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ሙቀትዎን ልንለካ ነው። ምላስዎን ከፍ ያድርጉ።»

ሴንሰሩን ምላሱ ሥር አስገባችና ሁለት ሽቦ በከንፈሩ ግራና ቀኝ አወጣች። አንዱ ወደ ኮምፒውተሩ ይሄዳል፤ ሌላው ማሳ ይፈልጋል አለችው። መካኒኮች ማሳ የሚሉት ሽቦው ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ነው። ሚኒባሷ ግን ይህን የሰማች አትመስልም፤ እጁን ይዛ ከከተማ አወጣችውና የማሽላ ማሳ ውስጥ አቆመችው።

ማሳው ላይ ገበሬው ተጠምዶ ያርሳል። ሁለቱ በሬዎች ከግራር ጥላ ሥር ትራስ ተደግፈው ጫት ይቅማሉ።

«እዚህ ልታሰር ነው የመጣሁት» አለ ምንተስኖት፣ ሴንሰሩ አፉን እየተናነቀው።

«ይታሰሩ» አለው አንደኛው በሬ። «ግን ማሳው የጋራ ነው። ክላክሱም፣ መብራቱም፣ ቬንቲሌተሩም እዚሁ ነው የታሰሩት። እነሱ በተነሱ ቁጥር የእርስዎም ቁጥር ቢወዛወዝ እንዳይቀየሙን።»

«ለብቻው የሚሆን የለም?»

«ኮምፒውተሩ ራሱ ጋ ነበር። ሳይጠይቁ መጡ።» ከዚያ ዞር ብሎ ገበሬውን «አንተ፣ ቀጥ ብለህ ሂድ» አለው።

ማሽላው ገለጥ ሲል ቢሮ ሆነ። ጸሐፊዎቹ ማህተማቸውን ይዘው አንዲት ባለጉዳይ ፊት ተሰልፈዋል፤ ሴትዮዋ ሻይዋን እየጠጣች «ነገ ተመለሱ» ትላቸዋለች። ከማዶ ባለው መስኮት ኮምፒውተሩ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ ተቀምጧል።

«ዓይነትዎ?»

«ሰው።»

«ሰው የሚል ምርጫ የለኝም። ሲሞቅዎ ቁጥርዎ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?»

ምንተስኖት አሰበ። ሲሞቅ የማይጨምር ምን አለ? ገበያ ሲሞቅ ዋጋ ይጨምራል፤ ጨዋታ ሲሞቅ ሳቅ ይጨምራል፤ ጠብ ሲሞቅ ገላጋይ ይጨምራል። «ይጨምራል» አለ፣ ጤነኛ ሰው ሁሉ እንደሚለው። ኮምፒውተሩ ማህተሙን መታ።

ያኔ ምላሱ ሥር ያለው ሴንሰር በቀጭን ድምፅ ተናገረ።

«ዋሹብኝ እኮ። እኔ ስሞቅ ነው የምቀንሰው። ዘር ማንዘሬም እንዲሁ ነው።»

«ታዲያ ቅድም አትናገርም ነበር?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሊያርም ወደ መስኮቱ ቢዞር መስኮቱ ግድግዳ ሆኗል።

ከዚያ አልጋ ላይ ተኝቶ ራሱን አገኘው። ድሬ እንደምታውቋት ናት፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። እሱም እንደ እሳት ይነዳል፤ ግንባሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ብርድ ብርድ ይላል። እታፈራሁ አጠገቡ ቆማ ቁጥሩን አነበበችና «በርዶታል» ብላ ብርድ ልብስ ደረበችለት። ሞቀው፤ ቁጥሩ ወረደ። ጋቢ ደረበች። ባሰበት፤ ቁጥሩ ይበልጥ ወረደ። የበረደው ሞተር ነዳጅ ይጨመርለት የለ፣ እሷም ትኩስ ገንፎ በማንኪያ ታጎርሰው ጀመር። ሞተር ሲሞቅ የሚያቀዘቅዘው ቬንቲሌተር በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ተነስ እባክህ» አለው ምንተስኖት ገንፎውን እንደጎረሰ።

«እኔ የምነሳው ሲሞቅ ነው ጌታዬ። ቁጥሩ በረዶ ነው የሚለው።»

«ቁጥሩን ተወው፣ እጄን ንካ።»

«መንካት የሥራ ድርሻዬ አይደለም።»

እህቱን አየ። ትራሱ በላብ ርሶ ሳለ እሷ የምታየው ቁጥሩን ብቻ ነው። እጅሽን ግንባሬ ላይ አድርጊ ሊላት ፈለገ። ልጅ ሆኖ ወባ ሲይዘው የለካችው በመዳፏ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ አታውቅም። አሁን ግን ወደ ቬንቲሌተሩ ዞር ብላ ፈገግ አለች።

«ቁጥሩ አይዋሽም» አለችው። «ወንድሜ ነው የሠራው።»

ምንተስኖት ብርድ ልብሱንም ጋቢውንም ገንፎውንም ችሎ ነበር፤ ይህን ቃል ግን አልቻለውም። ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ስልኩ ሲጮህ ነቃ። ካርቶኑ በላብ ርሶ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። የምትደውለው እታፈራሁ ናት።

«ምንቴ፣ ተኝተህ ነበር አይደል?»

«የት ደረስሽ?»

«ዳገቱን ልጨርስ ነው፣ ደንገጎ ትንሽ ነው የቀረኝ። መኪናዋ ጢም ብላለች። ሥራህን ልመርቅልህ ነው የደወልኩት። ድሬ ሳለሁ ሠላሳ አምስት አልነበር? ዳገቱን ስጀምር ሃያ አለ፤ ሽቅብ በወጣሁ ቁጥር እየቀነሰ አሁን አራት ነው። ደንገጎ እንዴት እንደሚበርድ ታውቃለህ። ሴንሰርህ አየሩን ሳይቀር ያውቃል ወላሂ።»

«እታፈራሁ፣ አሁኑኑ አቁሚና ሞተሩን አጥፊው።»

«ምን ሆነሃል አቦ፣ እዚህ የት አባቴ አቆማለሁ? ጉም ነው፣ መንገዱ አይታየኝም።» የመስታወት መጥረጊያውን ስታስነሳ ተሰማው። «የሚገርመው ግን ለሚያልፉኝ መኪኖች ጉም የለም። ለእኔ ብቻ ነው።»