ዶክተር ሜርል ጀርባቸውን ሰጥተው ድል ያደረጉበት ዓርብ

ድዋይት ፕሩዊት በኮተር ሂል ኮሌጅ ደጋፊዎች ማኅበር ላይ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፥ ይኸውም የክለቡ ጣራ ማፍሰስ በጀመረና ማንም ሊጠግነው ባልተነሣበት ዘመን፥ በወርኃ ሐምሌ፥ በዕለተ ዓርብ የሆነው፥ ዝንቱ ውእቱ ዜና ገድሉ ለዶክተር ሜርል ሆስቴተር፥ ጥርስ ነቃይ፥ መኰንነ መንጋጋ፥ ባለ ቢጫ ባርኔጣ፥ ከሥራ በጡረታ የወጡ ነገር ግን ከመንገድ ጡረታ ያልወጡ። ይህንንም የጻፍኩ እኔ የማኅበሩ ጸሐፌ ትእዛዝ፥ በዘመቻ ጊዜ ደግሞ የበረዶ ሣጥን ተሸካሚ፥ ኤልመር ቦይድ ነኝ፤ ያየሁትን እንዳየሁ፥ ያላየሁትንም ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሎርና ጠይቄ ጻፍኩ።

እኒህ ሰው የጥርስ ሕክምና ቤታቸውን ከዘጉ ወዲህ፥ ኮተር ሂል ያስተማራቸው ልጆች የጎልፍ ዱላ ይዘው በተሰለፉበት ሁሉ፥ ለገንዘብ በሚጫወቱ ባለሙያዎች ውድድር ቢሆን፥ ለክብር ብቻ በሚጫወቱ አማተሮች ውድድር ቢሆን፥ ከኦሃዮ እስከ ኔብራስካ መኪናቸውን እየነዱ፥ ተጣጣፊ ወንበራቸውን እየዘረጉ፥ በገመዱ ዳር እየቆሙ ይከተሉ ነበር፤ አንድ መንፈቅ ብቻ ተምሮ አሪዞና ላለች ወዳጁ ሲል ጥሎ የሄደውን ልጅ እንኳ የእኛ ነው ብለው ከመከተል አልቦዘኑም። ነገር ግን አንድ መከራ ነበረባቸው፤ ዓይናቸው ከባድ ነበር።

እርሳቸው ባዩበት ቀን የኮተር ሂል ልጅ ቀንቶት አያውቅም። በዱቡክ በአማተሮች ውድድር አንዱ ከጉድጓዱ አፋፍ፥ ሕፃን የማይስተውን ሲስት፥ ዶክተሩ በቅርብ ቆመው ነበር፤ በፔዮሪያ ሌላው ኳሱን በሽንት ቤት ጣራ ላይ ሲያሳርፍ፥ ዶክተሩ ገና ከመኪና መውረዳቸው ነበር፤ የኮሌጁ አሰልጣኝም የተማረ ሰው ሆኖ ሳለ፥ ቢጫውን ባርኔጣ ከሩቅ ሲያይ ያማትብ ጀመር። ስለዚህ ሊቀ መንበር ድዋይት፥ የቀድሞው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር፥ በጸደይ ወራት በማኅበሩ ግብር ላይ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊቹን አስቀምጦ ተነሣና እንዲህ ሲል አዋጅ ነገረ፦ «ሜርል፣ እንዳትቀየመኝ። አንተን ማንም አይጠላህም፣ ዓይንህ ነው ያስቸገረን። ና፣ ተከተል፣ ወንበርህንም ዘርጋ። ግን እባክህ ልጆቹ ሊመቱ ሲሉ ወደ ሌላ ነገር እይ።» ዶክተሩም አዋጁን ሰምተው ሳንድዊቻቸውን ሳይጨርሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በዚያም ዘመን ብሪታ ኒስትሮም የምትባል፥ የእንስሳት መኖ ነጋዴ ልጅ፥ ከኮተር ሂል ወጥታ ከባለሙያዎቹ ጋር የምትጫወት ብቸኛዋ ሴት ነበረች። ዶክተሩም ከሁሉ አብልጠው ይወዷት ነበር፤ ምክንያቱም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለች የኋላ ጥርሷን ነቅለውላት፥ በማግስቱ ጉንጯ እንዳበጠ ወጥታ ስትጫወት አይተዋል። ዶክተሩና ወይዘሮ ሎርና ልጅ አልነበራቸውም፤ ይህን ጸሐፊው ያለ ማዕረግና ያለ ጌጥ ይጽፈዋል።

ያም ዓርብ፥ ከተጫዋቾቹ እኩሌታው ተቆርጦ ወደየቤቱ የሚሸኝበት ዕለት ነበር። ብሪታ ከተቆረጠች የሚቀጥለው ዓመት የመጫወቻ ፈቃዷን ታጣለች፤ ፈቃዷን ካጣች ደግሞ አባቷ በመደብሩ ውስጥ፥ በመኖ ከረጢቶቹ መካከል፥ ወንበር አዘጋጅቶላታል። አባቷ ደግ ሰው ነው፤ ወንበሩም ምቹ ነው፤ እርሷ ግን ልትቀመጥበት አትፈልግም ነበር።

ወእምዝ ተነሥአ ሠራዊት። በፊት ድዋይት፥ ባለ መነጽረ ሩቅ፥ የአውቶቡስ ሹፌር ድምፁን ይዞ ወጣ፤ ከእርሱ ቀጥሎ ወይዘሮ ሎርና፥ ሊቀ ቅባተ ፀሐይ፥ የሰውን ሁሉ አፍንጫ እየቀባች ወጣች፤ በቀኝ ክንፍ ፊሊስና እህቷ፥ ስለ ጎልፍ ምንም የማያውቁ ነገር ግን ስለ ሰው ሁሉ የሚያውቁ፥ ጃንጥላ ዘርግተው ወጡ፤ በደጀን እኔ ከበረዶ ሣጥኑ ጋር ስታገል ወጣሁ። ከሁሉ መጨረሻ ዶክተር ሜርል፥ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው፥ ዓይናቸውን ከራሳቸው ጫማ ላይ ሳያነሡ ወጡ። ሜዳውም ከበቆሎ እርሻ አጠገብ ነበር፥ በዚያም ሰፈርን።

እስከ እኩለ ቀን ድረስ ዶክተሩ አዋጁን ጠበቁ። ነገር ግን ሥጋ ለባሽ ናቸውና፥ ብሪታ በሜዳው ያለውን ኩሬ አሻግራ ልትመታ ስትዘጋጅ፥ ባርኔጣቸውን ጥቂት፥ እጅግ ጥቂት፥ ቀና አደረጉ። ኳሷም ወደ ኩሬው ገባች። ሕዝቡ አቃሰተ፤ ዳክዬዎች ተነሡ፤ በሰሌዳው ላይ ስሟ ከመቁረጫው መስመር በታች ወረደ። ድዋይትም ዞሮ፥ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ግን የጨዋታውን ሥርዓት ለመጠበቅ የተንሾካሾከ አዋጅ አወጀ፦ «አየህ አይደል? አይተሃል። ባርኔጣህን አይቼዋለሁ። ሂድና መኪና ውስጥ ተቀመጥ፣ ቁልፉ ይኸው።»

ዶክተር ሜርልም ቁልፉን ሳይቀበሉ የመልስ አዋጅ አወጁ፦ «መኪና ውስጥስ አልገባም። እሷ እዚህ ስትጨነቅ እኔ እዚያ ሬዲዮ ልሰማ? ከገመዱ አልለይም። ዞሬ እቆማለሁ፣ በቃ።» ወይዘሮ ሎርናም ክርክሩን በአንድ ቃል ዘጋችው፦ «ተወው ድዋይት። ዕድሜውን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ሲያይ የኖረ ሰው፣ አንድ ከሰዓት አጥር ቢያይ አይሞትም።»

ያን ጊዜ ዶክተሩ ዞሩ። ጀርባቸውን ለጨዋታው፥ ፊታቸውን ለበቆሎው ሰጡ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮም ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሠራዊቱ ሲጓዝ፥ እርሳቸው ወይዘሮ ሎርና ቀበቷቸውን ይዛ እየመራቻቸው ተጓዙ፥ በደረሱበትም ሁሉ ዞረው ቆሙ። አጥር አዩ፤ ቆሻሻ መጣያ አዩ፤ ሰናፍጭ በሸሚዙ ላይ ያፈሰሰ ሰው አዩ፤ ዝንብ በአፍንጫቸው ላይ ሰፍራ ስትመገብ፥ ጸጥታ ታውጆ ነበርና፥ እጃቸውን ሳያነሡ ታገሡ። የሥነ ሥርዓት አስከባሪ የሆነ ጎልማሳም አዝኖላቸው ቀረበና «አባባ፣ ጨዋታው እኮ ከኋላዎ ነው» ብሎ አወጀ፤ እርሳቸውም «አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ ለዚያ ነው» ብለው መለሱለት። ሰውየው እስከ ዛሬ ሳይገባው እንደሚኖር እገምታለሁ።

ብሪታም ማንሠራራት ጀመረች። ነፋሱ ቆሞ ነበር፥ ዱላ ተሸካሚዋም ርቀቱን በትክክል መንገር ጀምሮ ነበር፤ ይህን ለሠራዊቱ ለማስረዳት ብሞክር ፊሊስ በጃንጥላዋ ጫፍ ጎኔን ወጋችኝ።

የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ በደረስን ጊዜ አንዲት ኳስ ብቻ ቀረች፤ ከገባች ብሪታ በውድድሩ ትቆያለች፥ ከሳተች ወደ መኖ መደብሩ ትገባለች። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሣር እንደ ወታደር ራስ የተላጨ ነው፤ ሕዝቡ ከበበው፤ ዶክተሩም በገመዱ ጫፍ፥ በፊተኛው ረድፍ፥ እርሷን ከኋላቸው ትተው ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዞሩ። እነሆ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ወዲያ የሚያይ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ያም ሁሉ ዓይን በትከሻቸው ላይ አልፎ ሲያይ፥ እርሳቸው ዓይኖቹን አዩ፤ የብሪታ አባት የመኖ መደብሩን ኮፍያ በጥርሱ ነክሶ አዩት። ለመዞር ልባቸው እንዴት እንደ ተመኘ ከአንገታቸው ሥር ታወቀኝ። ወይዘሮ ሎርና ቀበቶውን በሁለት እጇ ያዘች።

የዱላው ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ምንም። ከዚያም ዶክተር ሜርል፥ መኰንነ መንጋጋ፥ በሕይወታቸው ካዩት ሁሉ የሚበልጠውን አዩ፤ የሕዝቡ አፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተከፈተ፤ የድዋይትን የላይኛ መንጋጋ፥ ራሳቸው የሞሉትን ጥርስ እንኳ ሳይቀር፥ በፀሐይ ብርሃን አዩት። ጩኸቱ ከጊዜ በኋላ ነው የደረሰው። የብሪታም አባት ኮፍያው ከአፉ ወደቀ።

ድዋይት ሊያቅፋቸው ሲሮጥ ብሪታ ቀደመችው። ገመዱን ተሻግራ፥ ኳሷን በእጇ ይዛ፥ ሠራዊቱ ሁሉ እየሰማ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ዶክተር፣ ከኩሬው ጀምሮ ጀርባዎን ሳይ ነው የዋልኩት። መጀመሪያ የተቀየሙኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን… እዚህ ያለው ሰው ሁሉ አፍጥጦብኛል፤ አባቴ፣ አሰልጣኜ፣ ካሜራው። ልመታ በቆምኩ ቁጥር ያንን ቢጫ ባርኔጣ እፈልጋለሁ፤ ምንም የማይጠብቅብኝ እሱ ብቻ ነው። ልቤ ይረጋል። ነገም እንደዚያው ዞረው ይቆሙልኛል አይደል?»

ዶክተር ሜርል፥ ይህችን ልጅ ስታሸንፍ በዓይናቸው ለማየት ከኦሃዮ እስከ ኔብራስካ የነዱ፥ ባርኔጣቸውን እንደገና እስከ ቅንድባቸው ደፉ። ከዚያም «እቆማለሁ» አሉ። ሌላ አዋጅ አልነበረም። ኳሷን በእጃቸው አስቀመጠችላቸው፤ ከዚያ ድል ሁሉ በዓይናቸው ያዩት ያችን ኳስ ብቻ ነው፥ መኪናው ውስጥም ሲያገላብጧት አመሹ።

ቅዳሜም ዞረው ቆሙ፥ እሁድም፥ በሚቀጥለውም ዓመት በየሜዳው ዞረው ቆሙ፤ ብሪታ ስትመታ ዳግመኛ አላዩም፤ በየመንገዱ ወይዘሮ ሎርና ትነግራቸዋለች፥ እርሳቸውም «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። ስለዚህ ይወደሱ ዶክተር ሜርል ሆስቴተር፥ ከባለ መነጽሮቹ ሁሉ ይልቅ፥ ከባለ ወንበሮቹ ሁሉ ይልቅ፥ ባለማየት የጸኑ፥ ከሁሉ አብልጠው የሚወዱትን ከኋላቸው አስቀምጠው ያልዞሩ፤ ስማቸው ከኮተር ሂል ጣራ ይልቅ ይጽና። እኛ ሁላችን በዚያ በጋ አፍንጫችን ተልጦ ወደ ቤታችን ተመለስን፤ እርሳቸው ግን ማጅራታቸው ነው የተላጠው።