አዲስ አበባን የሚያውቁት አቶ ሸዋንግዛው

ስለተሄዱ ጉዞዎች የጻፈ ብዙ ነው። ዳገቱን፣ ቁልቁለቱን፣ አቧራውን ሳይቀር ዘርዝሮ አስነብቦናል። ሳይሄዱ ስለተጠናቀቁ ጉዞዎች የጻፈ ግን የለም፤ ይህም በአገር ደረጃ የሚታይ ክፍተት ነው። ክፍተቱን ለመሙላት በሀዋሳ ከተማ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ፣ ስሙ ቢጠራ ደስ ከማይለው አንድ ጽሕፈት ቤት እንጀምራለን።

ዘመኑ ሁሉ ነገር በዕቅድ የሚመራበት፣ ሠራተኛው አንድ ለአምስት የሚደራጅበት፣ ሻይ እንኳ ያለ ቃለ ጉባኤ የማይጠጣበት የትራንስፎርሜሽን ዘመን ነበር። በጽሕፈት ቤቱ አሥራ ዘጠኝ ሠራተኞች ነበሩ። አብዛኞቹ አዲስ አበባን ጨርሶ አላዩም፤ አየን የሚሉት ሦስት አራቱም ለለቅሶ ሄደው ድንኳን ውስጥ ውለው የተመለሱ ናቸው። አዲስ አበባን አብጠርጥረው የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም የዕቅድና ክትትል ባለሙያው አቶ ሸዋንግዛው ናቸው።

እርግጥ እሳቸውም አያውቋትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አቶ ሸዋንግዛው አዲስ አበባ ላይ ለሚሰጥ የአሥራ አምስት ቀን ሥልጠና ተመርጠው፣ አዲስ ክራባት ገዝተው፣ ጎረቤት ተሰናብተው ሄዱ። ሠልጣኞቹን የጫነው መኪና ሞጆ ሲደርስ አስተባባሪው ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ሥልጠናው በአዳራሽ ጥበት ምክንያት ወደ ናዝሬት መዛወሩን አበሰረ። ለአዲስ አበባ ወደ ግራ መታጠፍ የነበረበት መኪና ወደ ቀኝ ታጠፈ። በዚያ ዘመን የአገሪቱ ሥልጠና ሁሉ ዞሮ ዞሮ ናዝሬት ይገባ እንደነበር የሠለጠነ ያውቃል።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ሲመለሱ የመሥሪያ ቤቱ ሰው በር ላይ ከበባቸው።

«አዲስ አበባ እንዴት ናት?»

«ትልቅ ናት» አሉ አቶ ሸዋንግዛው።

ይህ ውሸት አይደለም። አዲስ አበባ ትልቅ ናት።

«ሰዉስ?»

«ይርመሰመሳል።»

ይህም ውሸት አይደለም። በዚህ ላይ ቢያበቁ ኖሮ እኛም ይህን ባልጻፍን። ግን የሚሰማቸው ሰው ዓይን በአድናቆት ሲፈጥ አዩ፤ አንድ ፎቅ ጨመሩ፤ በማግሥቱ አሳንሰር ገጠሙለት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ አበው፤ የአቶ ሸዋንግዛው ግን እያደር ከበደ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለሕክምና ወይም ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የሰፈር ሰው ሁሉ እሳቸውን ሳያማክር አውቶቡስ አይሳፈርም ነበር። ምክራቸውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ከአደባባዩ ወደ ግራ።» አዲስ አበባ አደባባይም ግራም ስለማታጣ፣ እስካሁን ጠፍቶ የቀረ የለም።

መከራው የመጣው በመጋቢት ወር፣ በወርሃዊ ስብሰባ ላይ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ማርቆስ፣ በሰኔ መጨረሻ ጡረታ ወደሚወጡት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወደ ወይዘሮ ሽታዬ ዞሩ።

«ወይዘሮ ሽታዬ፣ ሊሰናበቱን ሦስት ወር ቀረዎት። መሥሪያ ቤቱ ምን ያድርግልዎት? ጋቢ? የግድግዳ ሰዓት?»

«ጋቢ አለኝ። ሰዓትም ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል?» አሉ ወይዘሮ ሽታዬ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ቁጥር እየሰጠሁ፣ ማኅተም እየመታሁ አዲስ አበባ ላክሁ። አንድም ቀን መልስ አልመጣም። የት እንደሚገባ አንዴ በዓይኔ አይቼው ብወጣ ደስ ይለኛል።»

አቶ ማርቆስ ልባቸው ተነካ። ልባቸው ሲነካ ደግሞ ውሳኔ ያሳልፋሉ። «የአንድ ሠራተኛ ፍላጎት የሁላችንም ፍላጎት ነው! ሁላችንም ሄደን የልምድ ልውውጥ ጉብኝት እናደርጋለን። የዝግጅት ኮሚቴው ሰብሳቢና መንገድ መሪ ማን እንደሚሆን መቼም አያከራክርም።»

አላከራከረም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አቶ ሸዋንግዛውም አጨበጨቡ፤ ፈገግም አሉ፤ ግን ፈርተዋል። የፈሩት ከተማዋን አይደለም፤ የፈሩት ከአውቶቡስ ወርደው አሥራ ስምንት ሰው ዓይን ዓይናቸውን እያየ «አሁን በየት በኩል ነው?» የሚላቸውን ሰዓት ነው። ዘጠኝ ዓመት የገነቡት ስም መናኸሪያ በር ላይ ሊፈርስ ነው።

ግን አቶ ሸዋንግዛው የዕቅድ ሰው ናቸው። የሰው ልጅ ከጉዞ ለመዳን ከዘየዳቸው ዘዴዎች ሁሉ ደግሞ እንደ ዕቅድ ያለ የለም። በአንድ ወር ውስጥ ስድሳ አራት ገጽ ሰነድ አዘጋጁ። ምዕራፍ አንድ «የጉብኝት ምንነት» ይላል። ምዕራፍ አራት ላይ «ስጋቶች» በሚለው ሥር «የከተማዋ ትልቅነት» ተጽፏል፤ «ምቹ ሁኔታዎች» በሚለው ሥር ደግሞ «የከተማዋ ትልቅነት» ተጽፏል። ሰነዱ ለውይይት ቀረበ፣ ዳበረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ቀረበ። ሚያዝያ አለቀ።

«እንግዲህ እንሂድ» አሉ አቶ ማርቆስ በግንቦት።

«ክቡር ኃላፊ፣ ኃላፊነቱን የሚወስድ ካለ ዛሬውኑ እንሂድ» አሉ አቶ ሸዋንግዛው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን ሠራተኛው አስፋልት መሻገር ይችላል? አሳንሰር ወጥቶ ያውቃል? አዲስ አበባ እኮ እንደኛ አይደለችም።»

አቶ ማርቆስ አሳንሰር ወጥተው አያውቁም። «ልምምድ ይጀመር» አሉ ወዲያው።

የመንገድ አሻጋገር ልምምድ ቅዳሜ ጠዋት ከመናኸሪያው አጠገብ ተካሄደ። ሠራተኛው አንድ ለአምስት እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ አቶ ሸዋንግዛው በፊሽካ እየመሩት፣ አስፋልቱን አሥራ አንድ ጊዜ ተሻገረ። የመኪናውን ብዛት እንዲወክል አንድ ባለ ባጃጅ ተለምኖ መጥቷል። ባለ ባጃጁ ሰው ባየ ቁጥር ይቆማል።

«አትቁም እንጂ!» አሉ አቶ ሸዋንግዛው። «አዲስ አበባ ማን ይቆምልናል?»

«ጋሼ፣ እኔ እዚሁ ሀዋሳ ነው ያለሁት» አለ ባለ ባጃጁ።

«ዝም ብለህ ና ብያለሁ!»

«ሰው ላይ? እግዚአብሔርስ ምን ይለኛል? ልጆች አሉኝ ጋሼ። ከፈለጉ ጡሩምባ ልንፋላችሁ።»

ጡሩምባ ነፋ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊዋ ሄራን በዕለቱ መዝገብ ላይ «በባለድርሻ አካላት በኩል የግንዛቤ እጥረት ታይቷል» ብላ ጻፈች።

የአሳንሰር ልምምዱ የተካሄደው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ወይዘሮ ሽታዬ የከረሙ ፋይሎች የሚያስቀምጡበት፣ አምስት ሰው ተጣቦ የሚይዝ ቁም ሳጥን ነበራቸው። ፋይሎቹ ወጡ፤ ሰው ገባ። የመጀመሪያውን ቡድን አቶ ማርቆስ ራሳቸው መሩ። አቶ ሸዋንግዛው በሩን ከውጭ ዘጉና በተረጋጋ ድምፅ መጥራት ጀመሩ። «አንደኛ ፎቅ… ሁለተኛ ፎቅ… አትገፋፉ… ሦስተኛ ፎቅ…»

ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሊከፍቱ ሲሉ በሩ እምቢ አለ።

«አቶ ሸዋንግዛው፣ ቆምን መሰለኝ!» አሉ አቶ ማርቆስ ከውስጥ።

«ስድስተኛ ላይ ነዎት ክቡር ኃላፊ! መብራት ሄዶ ነው፤ አዲስ አበባም እንዲህ ያጋጥማል!»

ውስጥ ያሉት በልምምዱ እውነተኛነት ተደነቁ። ለሃያ ደቂቃ በትዕግሥት ቆሙ። ከወደ ጥግ አንድ ሰው ከፍታው እንዳዞረው ተናገረ። በመጨረሻ ወይዘሮ ሽታዬ ከምሳ ተመለሱ፤ ቁልፍ አወጡ፤ ከፈቱ።

«ምድር ቤት ናችሁ፤ ውጡ» አሉ።

አቶ ማርቆስ ላባቸውን እየጠረጉ ወጥተው የአቶ ሸዋንግዛውን እጅ ጨበጡ። «አንተ ባትኖር ኖሮ፣ እዚያ ሄደን ይህ ቢያጋጥመን ምን እንሆን ነበር?»

ወይዘሮ ሽታዬ ግን ቁልፋቸውን በጣታቸው እያዞሩ አቶ ሸዋንግዛውን ትንሽ አዩዋቸው። «አቶ ሸዋንግዛው፣ ያ የደብዳቤው መሥሪያ ቤት በየት በኩል ነው የሚገኘው?»

«ከአደባባዩ ወደ ግራ» አሉ አቶ ሸዋንግዛው።

«ከየትኛው አደባባይ?»

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አቶ ሸዋንግዛው ስብሰባ እንዳለባቸው ትዝ አላቸው።

ሰኔ ሠላሳ ደረሰ፤ በጀት ዓመቱ ተዘጋ። አቶ ማርቆስ ከበላይ አካል የመጡ እንግዶች ባሉበት የአፈጻጸም ሪፖርት አቀረቡ። ሰነድ ተዘጋጅቷል፤ ሰባት ልምምዶች ተካሂደዋል፤ ሠራተኛው አስፋልት በመሻገር አቅሙ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተብሎ ተለይቷል። «በአጠቃላይ ጉብኝቱ ዘጠና ሰባት በመቶ ተከናውኗል» አሉ። «የቀረው ሦስት በመቶ መሄዱ ብቻ ነው።»

ከበላይ አካል የመጡት እንግዶች ቆመው አጨበጨቡ። ለወይዘሮ ሽታዬ ጋቢ ተሰጣቸው። ጋቢውን ተቀብለው፣ መርቀው፣ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ አስረክበው ወጡ። አቶ ሸዋንግዛው ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሱ። የሴትየዋ ነገር ትንሽ ከነከናቸው፤ እፎይታው ግን በለጠ።

እፎይታው ሁለት ሳምንት ቆየ። በሐምሌ አጋማሽ ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ፦ እንዲህ ያለ ዕቅድ ያቀዱት አቶ ሸዋንግዛው በሞዴል ሠራተኛነት ተመርጠዋልና፣ ሽልማታቸው የአንድ ሳምንት የአዲስ አበባ ጉብኝት ይሆናል፤ ሠራተኛውን ሁሉ ወክለው የቀረውን ሦስት በመቶ ፈጽመው ሪፖርት ያቅርቡ።

ሠራተኛው መናኸሪያ ድረስ ወጥቶ ሸኛቸው። አቶ ሸዋንግዛው ከሾፌሩ ጀርባ ተቀምጠው በመስኮት እጃቸውን አወዛወዙ። እውነቱን እንነጋገርና፣ የዚያን ዕለት ለመሄድ ቆርጠው ነበር። ሻሸመኔንና ዝዋይን ሲያልፉ ልባቸው ሞቀ። አይቼ እመጣለሁ፤ ከእንግዲህ የማወራው የእውነቴን ይሆናል ብለው አሰቡ።

አውቶቡሱ ሞጆ ላይ ለሻይ ቆመ። አቶ ሸዋንግዛው ወርደው የመንገዱን መገንጠያ አዩ። ግራውን ሲያዩ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣባቸው። አዲስ አበባ እሳቸው እንዳሉት ባትሆንስ? ዘጠኝ ዓመት ያሳመሯትን፣ ያስጌጧትን፣ አደባባይ በአደባባይ ያደረጓትን ከተማ አሁን ሄደው በአንድ ቀን ሊያጧት ነው። አንጀታቸው አልቻለም።

«ዘመድ አለኝ» አሉት ረዳቱን፤ ቦርሳቸውን አውርደው ወደ ቀኝ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ናዝሬት ያው ሆቴል፣ ያው ክፍል ተሰጣቸው። አስተናጋጁ እንኳ አስታወሳቸው።

ሪፖርቱ በነሐሴ መጀመሪያ ለመላው ሠራተኛ ቀረበ። ወይዘሮ ሽታዬም የክብር እንግዳ ሆነው ተጋብዘው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አቶ ሸዋንግዛው ሁለት ሰዓት ተናገሩ። ትልቅ ናት። ሰፍታለች። ሰዉ ይርመሰመሳል።

«ሙቀቱ ግን አይቻልም» አሉ። «ጋሪውም መተላለፊያ አሳጥቷል።»

«ጋሽ ሸዋንግዛው፣ አዲስ አበባ ላይ ጋሪ አለ እንዴ?» አለች ሄራን ብዕሯን አንሥታ።

«መሀሉ ላይ ነዋ!»

ሄራን ጻፈች። ጭብጨባው ሲያባራ አቶ ማርቆስ ወደ እንግዳቸው ዞሩ። «ወይዘሮ ሽታዬ፣ ሳያዩዋት ጡረታ ወጡ፤ ዛሬ በአቶ ሸዋንግዛው ዓይን አይተዋታል። አስተያየት ይስጡን።»

ወይዘሮ ሽታዬ ቀስ ብለው ተነሡ። «እኔም ሄጄ አየሁ» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ያለ ዕቅድ?» አሉ አቶ ማርቆስ ደንግጠው።

«በቲኬት» አሉ ወይዘሮ ሽታዬ። «አቶ ሸዋንግዛው የሄዱ ዕለት ነው። በዚያው አውቶቡስ፣ የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። ደብዳቤዎቼንም አየኋቸው፤ ደህና ናቸው። እኔ ባሰርኩት ሲባጎ እንደታሰሩ ናቸው፤ ማንም አልነካቸው።»

አቶ ሸዋንግዛው ውሃ ሊጠጡ ያነሡት ብርጭቆ አፋቸው ሳይደርስ ቀረ። ወይዘሮ ሽታዬን ብቻ ነበር የሚያዩት። ዓይናቸው ተማጠነ፤ ተለማመጠ፤ የዘጠኝ ዓመቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ተናዘዘ።

«የአቶ ሸዋንግዛውን ሪፖርትስ እንዴት አገኙት?» አሉ አቶ ማርቆስ።

ወይዘሮ ሽታዬ አቶ ሸዋንግዛውን አዩዋቸው። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«ሐቁን ለመናገር» አሉ፣ «እስከ ሞጆ ያለውን አንድም አላጎደሉም።»

ቁጭ አሉ። አቶ ሸዋንግዛው ወለሉን አዩ። አቶ ማርቆስ ግን ፊታቸው በራ።

«ይህ ነው ገንቢ አስተያየት! ሄራን፣ መዝግቢ፦ ከሞጆ ወዲያ ያለው በቀጣዩ በጀት ዓመት ዕቅድ ይካተት። የኮሚቴው ሰብሳቢም አቶ ሸዋንግዛው ይሁኑ። የሚደግፍ?»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን ያወጡት አቶ ሸዋንግዛው ነበሩ።